ትናንት ሲሠራ የነበረ ኮድ ከአፕዴት በኋላ እምቢ ሲል

ሚያዝያ 2016 ነው። ድሬ ገና በጠዋቱ መጋል የምትጀምርበት ወር። መጋላ ካለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተደወለልኝ። ደዋዩ ባለሱቁ ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። «ልጄ፣ ያ ፕሮግራምሽ እምቢ አለን። ትናንት አዲስ ኮምፒውተር አስገብተን ሁሉንም ጭነውልን ነበር። አሁን ሰው ቆሟል፤ እኛ በካርቶን ላይ እየጻፍን ነው።» ከከዚራ ባጃጅ ይዤ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ደረስኩ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዕቃ ሲገባ ይመዘግባል፣ ሲሸጥ ይቀንሳል፣ ማታ ሒሳብ ይዘጋል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ሰንጠረዦቹን የሚይዝልኝ ፓንዳስ የሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ነው። ከ2013 ጀምሮ ሲያገለግል ቆይቷል። ኮዱ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ በአንድ ሌሊት ቆመ።

እንዲህ ያለ ቀን ለሚገጥማችሁ እኔ የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ። ከሁሉም በላይ የማምንበት ነገር ይህ ነው፦ የሚሠራውንና የማይሠራውን ጎን ለጎን ሳታቆሙ ኮዱን አትንኩ።

መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ኤረር ሲመጣ ወዲያው ፋይሉን ከፍቶ ያቺን መስመር ማስተካከል ያምራል። ግን አንዱን ስትነኩ ሌላው ይነሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ አፕዴቱ ያበላሸውንና እናንተ ያበላሻችሁትን መለየት ያቅታል። ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት የፕሮግራሙን ፎልደር ከነዳታው ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። ኤረሩን ከላይ እስከ ታች በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ቨርዥኖቹን እመዘግባለሁ።

አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ሞተር ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ክፍል ላይ በጠመኔ ቁጥር ሲጽፍ፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አይ ነበር። የቨርዥን ዝርዝር ለእኔ ያ ጠመኔ ነው።

ዝርዝሩን ማውጣት ቀላል ነው። ጥቁሯን የትዕዛዝ መስኮት ክፈቱና «ፒፕ ፍሪዝ» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ፤ ፒፕ የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነው መሣሪያ ነው። የተጫነውን ላይብረሪ ሁሉ ከነቁጥሩ ይደረድርላችኋል። በፒኤችፒ የምትሠሩ «ኮምፖዘር ሾው»፣ በጃቫስክሪፕት የምትሠሩ «ኤንፒኤም ሊስት» የሚሉት ትዕዛዞች አሏችሁ። ፓይተኑ ራሱ ስንተኛ ቨርዥን እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ፤ ፒፕ ፍሪዝ እሱን አይነግራችሁም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ሐጂ ዘንድ ዕድል ቀንቶኛል። የድሮው ኮምፒውተር አልተሸጠም። ከባንኮኒው ጀርባ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። አበራሁትና ዝርዝሩን ከሁለቱም አወጣሁ። የድሮው ላይ ፓይተን 3.10 እና ፓንዳስ 1.5.3 አለ። አዲሱ ላይ ፓይተን 3.12 እና ፓንዳስ 2.2።

ብዙ ላይብረሪዎች ቁጥራቸውን በሦስት ከፍለው ነው የሚያወጡት። የመጨረሻው ከተለወጠ ስህተት ታርሟል ማለት ነው። የመሃሉ ከተለወጠ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የመጀመሪያው ከተለወጠ ግን የድሮ ኮድ ሊሰበር እንደሚችል እየነገሩን ነው። ፓንዳስ ከ1 ወደ 2 መዝለሉን ሳይ ልቤ ወደዚያው ሄደ። ፓይተን ራሱ ግን በዚህ ሥርዓት አይመራም። 3.12 ላይ «ዲስትዩቲልስ» የተባለው ሞጁል ተወግዷል። 3.13 ላይ «ሲጂአይ» ተወግዷል። የመሃሉ ቁጥር ብቻ ነው የተለወጠው ብላችሁ አትዘናጉ።

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ ባቡር ሐዲድ 1.435 ሜትር ነው። የድሮ ፉርጎ ጎማውም ፍሬኑም ደህና ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሐዲድ ላይ ግን አይቆምም። የእኔ ኮድም የቆመው እንደዚያ ፉርጎ ነው።

ሱቁ ይሽጥ፣ ጥገናው ይደርሳል

ሰው ቆሞ እየጠበቀ ኮድ አይጠገንም። መጀመሪያ የሚሠራውን አሮጌ ሁኔታ መልሱ፤ ጥገናውን ማታ በረጋ መንፈስ ትሠሩታላችሁ።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የድሮውን ፓንዳስ 1.5.3 ለመጫን ሞከርኩ። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ፓንዳስ 1.5.3 ተዘጋጅቶ የተለቀቀው እስከ ፓይተን 3.11 ላሉት ብቻ ነው። ለ3.12 የተዘጋጀ ፋይል ስለሌለ ፒፕ ከምንጩ ራሱ ሊገነባው ይሞክራል። ለዚያ ደግሞ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ማን አስቀምጦት? ወደ ኋላ ስትመለሱ ላይብረሪውን ብቻ መመለስ ላይበቃ ይችላል። የቆመበትን ፓይተንም አብራችሁ መልሱ።

3.12ን አላጠፋሁትም። ዊንዶውስ ላይ ሁለት ፓይተን አብሮ መኖር ይችላል። 3.10ን ከጎኑ ጫንኩ። በእሱ ለዚህ ሱቅ ብቻ የሚሆን የተለየ ቬንቭ (ከሌላው ጋር የማይቀላቀል የላይብረሪ ማስቀመጫ) ፈጠርኩና የድሮውን ዝርዝር እንዳለ አስገባሁ። ፋይሎቹ ሁሉ ፍላሼ ላይ ነበሩ። ኢንተርኔት ባለበት ቀን «ፒፕ ዳውንሎድ» በሚለው ትዕዛዝ አውርጄ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ከዚህ በላይ የሚያድን ነገር አላውቅም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ደረሰኝ ታተመ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ልጆቹ አስገቡት።

ጥፋቱ በእርግጥ የአፕዴቱ ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሳው አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። እዚያው ሱቅ፣ እሑድ ማታ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአዲሱ ዓመት ላዘጋጀው ብዬ ፓንዳስን ከ1.3 ወደ 1.5.3 አሳደግኩ። ሞከርኩት፤ ሠራ። ሰኞ ጠዋት ሽያጭ አልመዘግብም አለ። አፕዴቱ ነው ብዬ ግማሽ ቀን ፓንዳስ ውስጥ ፈለግኩ። በመጨረሻ የድሮውን ቨርዥን መልሼ ያንኑ ሽያጭ አስገባሁ። እሱም እምቢ አለ።

ያን ጊዜ ቀኑን አየሁት። ሰኞ ጳጉሜ 6 ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ስጽፍ ጳጉሜን በ5 ቀን ዘግቼዋለሁ። ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ ስድስተኛዋ ጳጉሜ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበረች። አፕዴቱ እጁ የለበትም። አንድ ሌሊት ላይ መገናኘታቸው ነው እንጂ።

ስለዚህ ምንጊዜም ይህን ፈትኑ፦ ያንኑ ኮድ፣ ያንኑ ዳታ፣ ያንኑ ቀን በድሮው ቨርዥን አስኪዱት። የድሮው ላይ ከሠራና አዲሱ ላይ ከተሰበረ፣ አፕዴቱን ጠርጥሩ። ሁለቱም ላይ ከተሰበረ ሌላ ቦታ ፈልጉ። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ እኔን ግማሽ ቀን ያስከፈለኝ እሱን መዝለሌ ነው።

ኤረሩን ከታች ወደ ላይ

ፓይተን ኤረር ሲሰጥ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚጽፈው። የታችኛዋን መስመር አንብቡ። ከዚያ የራሳችሁ ፋይል ስም እስኪመጣ ወደ ላይ ውጡ። ኮዳችሁ ከላይብረሪው ጋር የተጋጨው እዚያ ላይ ነው።

የሐጂ ሱቅ ኤረር የመጨረሻ መስመር «አትሪቢዩት ኤረር» ይልና ዳታፍሬም (የፓንዳስ ሰንጠረዥ) «አፔንድ» የሚባል ነገር የለውም ይላል። አፔንድ ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ረድፍ የምጨምርበት ነበር። ፓንዳስ 1.4 ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022፣ ይህን ተዉት ብሎ ማስጠንቀቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2023 በወጣው 2.0 ላይ አስወገደው። እኔ ማስጠንቀቂያውን ለምን አላየሁም? ሱቁ ፕሮግራሙን የሚከፍተው በአይኮን ነው። ጥቁሯ መስኮት እንዳትታይ አድርጌ ነበር። ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ይጻፋል፤ የሚያነበው ሰው አልነበረም።

መድኃኒቱ ሰንጠረዦችን የሚያገጣጥመው «ኮንካት» ነው። ግን በጥንቃቄ። ኮዱ ውስጥ «አፔንድ» የሚለውን ሁሉ ፈልጋችሁ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። የፓይተን ተራ ሊስትም አፔንድ አለው፤ እሱ አልተነካም። እኔ 12 ቦታ አገኘሁ፤ ሰባቱ ብቻ የፓንዳስ ነበሩ። አንዳንድ ሰው «ፊቱ ላይ የታች ሰረዝ ጨምርበት፣ ይሠራል» ይላል። አዎ፣ ፓንዳስ 2.2 ላይ ይሠራል። ያ ግን ፓንዳስ ለራሱ የውስጥ ሥራ ያስቀመጠው ነው፤ ነገ ሳይነግራችሁ ሊያነሳው ይችላል። አልመክርም።

ረድፍ በሉፕ (በሚደጋገም ትዕዛዝ) ውስጥ አንድ በአንድ የምትጨምሩ ከሆነ ደግሞ አጋጣሚውን ተጠቀሙበት። ረድፎቹን መጀመሪያ ተራ ሊስት ውስጥ ሰብስቡ፤ መጨረሻ ላይ አንዴ ኮንካት አድርጉ። አፔንድ ሁልጊዜም ሙሉውን ሰንጠረዥ እንደ አዲስ እየገለበጠ ነበር የሚሠራው። የማታው ሒሳብ መዝጊያ ከዚህ በኋላ ፈጠነልኝ።

ሌሎችም የዚህ ዘመድ የሆኑ ኤረሮች አሉ። «ኮሌክሽንስ» ውስጥ የነበረው «ማፒንግ» ወደ «ኮሌክሽንስ ነጥብ ኤቢሲ» ተዛውሮ ፓይተን 3.10 ላይ የድሮው አድራሻ ተዘግቷል። ፓንዳስ የሚጠቀምበት የቁጥር ላይብረሪ፣ ነምፓይ፣ 1.24 ላይ «ኤንፒ ነጥብ ኢንት» የሚለው አጠራር ተወግዷል፤ በምትኩ ተራውን «ኢንት» መጻፍ ነው። እነዚህ ቀላል ናቸው። ስም ጠፍቷል ወይም ቤት ቀይሯል፤ አዲሱን አድራሻ መጻፍ ይበቃል።

የራሳችሁ ፋይል የታየው ላይብረሪውን በሚጠራው «ኢምፖርት» መስመር ላይ ብቻ ከሆነና የቀረው ኤረር ሁሉ ላይብረሪ ውስጥ ከሆነ ግን ኮዳችሁን ተዉት። ሁለት ላይብረሪዎች ናቸው ያልተስማሙት። ነምፓይ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ በአሮጌው ነምፓይ የተገነቡ ላይብረሪዎች መነሳት አቃታቸው። ፓንዳስ ራሱ ከነምፓይ 2 ጋር የተስማማው ከ2.2.2 ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱን አብራችሁ ማሳደግ ወይም አብራችሁ ማቆየት ነው።

ኤረር የሌለው ብልሽት

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጮኸው ነው። የሚጮኸውን አልፈራም። የምፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተውን ነው።

ሳቢያን ሠፈር አንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለ። ባለቤቷን እትዬ እላቸዋለሁ። የዱቤ መዝገባቸውን በፒኤችፒ ሠርቼላቸው ነበር። ፕሮግራሙን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥልን ድርጅት ፒኤችፒን ከ7.4 ወደ 8 አሳደገ። ገጹ ተከፈተ፣ ሽያጭ ተመዘገበ፣ ምንም ኤረር የለም። ማታ የባለዕዳዎች ዝርዝር ሲታተም ግን ረዘመ። ብዙዎቹ ስሞች አጠገብ የብር መጠኑ ባዶ ነው። ሻጯ ልጅ ማተሚያው ቀለም የጨረሰ መሰላት። ከአሮጌው የዱቤ ደብተር መጠኑን እያየች ሞላችው።

በማግስቱ አንድ ጎረቤት አስተማሪ ዱቤህን ክፈል ተባሉ። ጥር ላይ ከፍለው ጨርሰዋል። ሰው ፊት ነው የተነገራቸው። እትዬ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «አቦ፣ የከፈለን ሰው እንዴት ባለዕዳ አድርጌ አሳፍረዋለሁ?» አሉ። እኔም እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስህተቱ እዚህች አንዲት ማነጻጸሪያ ላይ ነበር። ኮዱ «ዱቤው == 0 ከሆነ እለፈው» ይላል። ሰው ከፍሎ ሲጨርስ እኔ ሳጥኑን ባዶ ነበር የማደርገው፤ ዜሮ አልጽፍም። ፒኤችፒ 7 ባዶ ጽሑፍን ከዜሮ ጋር ሲያነጻጽር ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ባዶው ዜሮ ይሆናል፤ እኩል ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 የወጣው ፒኤችፒ 8 ግን ይህን አስተካከለ። ጽሑፉ ቁጥር የማይሆን ከሆነ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። «0» ከባዶ ጋር እኩል አይደለም። ስለዚህ ሳጥኑ ባዶ የሆነ ሁሉ አልታለፈም፤ ባለዕዳ ሆነ። አዲሱ ሕግ ትክክል ነው፤ የእኔ ኮድ ነበር አሮጌው ላይ ተደግፎ የቆመው።

ይህን እንዴት አገኘሁት? የአንድ ቀን ዳታ ወሰድኩ። ላፕቶፔ ላይ 7.4ንም 8ንም ጫንኩ። ያንኑ ዝርዝር በሁለቱም አውጥቼ ሁለት የጽሑፍ ፋይል አደረግኳቸው። ከዚያ ሁለት ፋይል መስመር በመስመር በሚያነጻጽር ፕሮግራም አየኋቸው። 41 መስመር ተለያየ። 41ዱም ላይ የዱቤ ሳጥኑ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ ኮዱ ውስጥ የት እንደምመለከት ግልጽ ሆነ።

ሲጠገን አንድ ወጥመድ አለ። «==» ያለውን ሁሉ ወደ «===» ቀይሩ የሚሉ አሉ። ሦስቱ እኩል ምልክት ዓይነቱም እንዲመሳሰል ይጠይቃል። ዳታቤዝ ግን ብዙ ጊዜ ዜሮን በጽሑፍ መልክ ነው የሚመልሰው። ያኔ እውነተኛው ዜሮም እኩል አይሆንም፤ ሌላ የሐሰት ባለዕዳ ትፈጥራላችሁ። እኔ ያደረግኩት ዋጋውን መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ፣ ቀጥሎ ማነጻጸር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ባዶ የነበሩትንም ሁሉ ዜሮ አደረግኳቸው።

ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚለወጡት ባዶ ዋጋ፣ ማነጻጸር፣ ማጠጋጋትና ቀን ናቸው። ፓይተን 2 ውስጥ 2.5 ሲጠጋጋ 3 ይሆን ነበር፤ ፓይተን 3 ውስጥ 2 ነው። ገንዘብ የሚቆጥር ኮድ ካላችሁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለእኛ ደግሞ ፊደል አለ። ዳታቤዝ ሲቀየር «ኳ» እና «ጿ» ያለበት የሙከራ ስም አስገቡና መልሳችሁ አንብቡ። የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከመጣ የኢንኮዲንግ (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት መንገድ) ጉዳይ ነው። ወዲያው አቁሙ፤ በዚያ ሁኔታ እየተጻፈ የሚውል ስም በኋላ አይመለስም።

ብዙ ነገር በአንዴ ከተቀየረ

40 ላይብረሪ አብሮ ቢያድግ አንድ በአንድ አትሞክሩ። ግማሹን ወደ ድሮው መልሱ። ችግሩ ጠፋ? ጥፋተኛው ከመለሳችኋቸው ውስጥ ነው። አልጠፋም? ከቀሩት ውስጥ ነው። እንደገና ግማሽ። ጥፋተኛው አንድ ከሆነ ቢበዛ ስድስት ሙከራ ይበቃል። የኮድ ለውጥ ከሆነ የምትፈልጉት፣ የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዘው ጊት «ጊት ባይሴክት» በሚለው ትዕዛዝ ይህንኑ ሥራ ራሱ ይሠራላችኋል።

ለሚቀጥለው አፕዴት አሁን የማደርገው ይህ ነው። በድሮው ቨርዥን ላይ እያለሁ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ ወደ ኤረር ቀይሬ አስኪዳለሁ፤ ፓይተንን «ዳብሊው ኤረር» በሚለው አማራጭ መጥራት ነው። የሚያቆመኝን እዚያው አስተካክላለሁ። ከዚያ ከ1 ወደ 2 ከመዝለሌ በፊት የ1 የመጨረሻውን ቨርዥን እረግጣለሁ። የፒፕ ፍሪዝ ዝርዝሩን ከነቀኑ ኮዱ ጎን አስቀምጣለሁ።

የሐጂን ኮድ ወደ ፓንዳስ 2.2 ያሻገርኩት በሳምንቱ፣ ዓርብ ከሰዓት ሱቁ ሲቀዘቅዝ ነው። የድሮውን ኮምፒውተር ግን እንዳይሸጡት ለመንኳቸው። የሰኔ 30 ቆጠራ በሁለቱም ላይ ወጥቶ እስኪመሳሰል አልኳቸው። «ይሁን ልጄ» ብለው ጨርቁን መልሰው አለበሱት።